የበሽተኛውን ካርድ ማን ያንብብ? የቻርለስተን ሆስፒታል ሠራተኞች አድማ፣ 1969

በማንኛውም ሆስፒታል የተረኞች ርክክብ ሲደረግ የሚነገረው ቃል ብዙ አይደለም። ሌሊቱን ያተኮሰው ማን እንደሆነ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ምንም እንዳይቀምስ የታዘዘው የትኛው እንደሆነ፣ የማን ቁስል በድጋሚ መታየት እንዳለበት ይነገራል፤ ካርዱም ይገለጣል። ይህን ሳይሰማና ሳያነብ ወደ አልጋ የሚጠጋ ሠራተኛ የሚያደርገው ሁሉ በግምት ነው።

በ1967 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርለስተን ከተማ በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል ይሠሩ ለነበሩ አምስት ጥቁር ሠራተኞች ይህ ርክክብ ተከለከላቸው። በዋርዱ ላይ የተሾመችው ነጭ ነርስ የሕሙማኑን ሁኔታ ልትነግራቸውም፣ ካርዱን ልታሳያቸውም ፈቃደኛ ሳትሆን ቀረች። ሠራተኞቹ ሥራውን ትተው ወጡ፤ ወዲያውም ተባረሩ። ከውጭ በመጣ ግፊት ወደ ሥራቸው ቢመለሱም ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ከ400 የሚበልጡ የሆስፒታል ሠራተኞች ሥራ አቁመው፣ በከተማይቱ የሰዓት እላፊ ታውጆ፣ ወታደር በየመንገዱ ቆሞ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የዚያን አድማ ታሪክ ለማስቃኘት ይሞክራል። (የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ በሠራተኛ ማኅበራትና በሥራ ላይ እኩልነት መዝገብ ውስጥ የሚመደብ ቢሆንም፣ መነሻው የበሽተኛ ካርድ ነውና ለእኛ ለጤና ባለሙያዎች ከማንም ይልቅ የቀረበ ነው።

ደመወዝና ሕግ

አድማውን የመቱት ከጥቂቶች በስተቀር ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ሥራቸው ሕሙማንን ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማብላት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ወጥ ቤትና ልብስ ማጠቢያ ውስጥ መሥራት፣ ዋርድ ማጽዳት ነበር። ጥቂቶቹ ደግሞ ፈቃድ ያላቸው ፕራክቲካል ነርሶች ነበሩ፤ ይህም በአሜሪካ ከተመዘገበ ነርስ አንድ እርከን ዝቅ የሚል፣ ነገር ግን በፈተና የሚገኝ የሙያ ደረጃ ነው። ሐኪሞችና የተመዘገቡ ነርሶች በአድማው አልተካፈሉም። እነዚህም በአብዛኛው ነጮች ነበሩ።

የአብዛኞቹ አድመኞች ደመወዝ በሰዓት 1 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነበር። ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ በ1938 ሲወጣ የሆስፒታል ሠራተኞችን አላቀፈም ነበር። በ1966 ማሻሻያ ሲደረግ ሆስፒታሎች በሕጉ ውስጥ ገቡ፤ ነገር ግን ቀድሞ ከታቀፉት ሠራተኞች ጋር በአንድ ጊዜ እንዲስተካከሉ አልተደረገም። በ1967 በሰዓት 1 ዶላር ተጀምሮ በየዓመቱ 15 ሳንቲም እየተጨመረ፣ 1 ዶላር ከ60 የሚደርሰው በ1971 እንዲሆን ተወሰነ። ቀድሞ የታቀፈው የፋብሪካ ሠራተኛ ግን 1 ዶላር ከ60ውን ከ1968 መጀመሪያ ጀምሮ ሲያገኝ ነበር። ስለዚህ በ1969 በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ የፋብሪካ ሠራተኛ ቢያንስ 64 ዶላር ሲያገኝ፣ በሆስፒታል በሽተኛ የምታገላብጠው ሴት 52 ዶላር ታገኝ ነበር። አሠሪው ሕግ አላፈረሰም። ሆስፒታል የበጎ አድራጎት ቦታ ነው፣ ሠራተኛውም ለነፍሱ ይሠራል የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ በራሱ በሕጉ ውስጥ ተጽፎ ነበርና።

ሌሎቹም ሕጎች እንዲሁ በአጠገባቸው እየነኩ አልፈዋቸዋል። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በሥራ ቅጥርና ዕድገት ላይ የዘር አድልዎን ቢከለክልም፣ የግዛትና የከተማ መስተዳድሮች እንደ አሠሪ በዚህ ክፍል አልታቀፉም ነበር። የሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል የግዛቱ ንብረት ነው። ስለ ሠራተኛ ማኅበራት የወጣው የፌዴራል ሕግም የመንግሥት ሠራተኞችን አይመለከትም። ከዚህም በላይ በ1947 በተደረገ ማሻሻያ ለትርፍ ያልቆሙ የግል ሆስፒታሎች ከሕጉ እንዲወጡ ተደርጎ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ራሷ ደግሞ ግዛቱ ከሠራተኞቹ ጋር የኅብረት ድርድር አያደርግም የሚል ጥብቅ አቋም ነበራት።

አንድ በር ብቻ ተከፍቶ ነበር። ያው የ1964 ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ተቋም አድልዎ እንዳይፈጽም ይደነግጋል። በ1966 የአረጋውያን የጤና መድን የሆነው ሜዲኬር ሥራ ሲጀምር፣ ዋርዶቹን በዘር የከፋፈለ ሆስፒታል ከዚህ ገንዘብ እንደማያገኝ ተነገረው፤ ለዘመናት የቆየው የነጭና የጥቁር ዋርድ ልዩነት በአብዛኞቹ ሆስፒታሎች በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሰ። በአሜሪካ የሕክምና ታሪክ ይህን ያህል ፈጣን ለውጥ ብዙ የለም። ነገር ግን ለውጡ አልጋው ላይ የተኛውን እንጂ አልጋውን የምታነጥፈውን ብዙም አልነካም። ጥቁሩ በሽተኛ ከነጩ ጎን ተኛ፤ ጥቁሯ ሠራተኛ ግን ካርዱን ማየት ተከለከለች።

ሲስተር ሜሪ

የአድማው መሪ ሜሪ ሞልትሪ ይባላሉ። የቻርለስተን ተወላጅ ሲሆኑ፣ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው በጎልድዋተር መታሰቢያ ሆስፒታል በፕራክቲካል ነርስነት ሠርተዋል። በ1967 ወደ ትውልድ ከተማቸው ሲመለሱ የሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል የሙያ ደረጃቸውን ሳይቀበል በነርስ ረዳትነት ቀጠራቸው። በእኛ አገር ልማድ ገና ከበሩ ሲገቡ «ሲስተር ሜሪ» የሚባሉት ሴት፣ በገዛ አገራቸው በሌላ ግዛት ሙያቸው ከዜሮ ተቆጠረ።

ይህን ስጽፍ የባሕር ማዶ ወገኖቻችንን ማሰቤ አልቀረም። በአገር ቤት ዋርድ ሲመሩ የነበሩ ነርሶች፣ አልፎም ሐኪሞች፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ፈተናውን እስኪያልፉ ድረስ ለዓመታት በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ይሠራሉ። የውጭ ዲፕሎማ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ በሽተኛውን ለመጠበቅ የተደረገ ነውና። የሞልትሪ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ፈቃዳቸው የተገኘው በዚያው አገር ነው፤ የሆስፒታሉን በር ከከፈተላቸው በኋላም ያንኑ የነርስ ሥራ በረዳት ደመወዝ ያሠራቸው ነበር። አንድን ሰው በሙያው እያሠሩ የሙያውን ስም መንፈግ፣ የትም አገር ቢሆን፣ በሽተኛን ከመጠበቅ ጋር ግንኙነት የለውም።

አምስቱ ሠራተኞች ከተባረሩ በኋላ ሞልትሪና ጥቂት ባልደረቦቻቸው ከከተማው የመብት ተሟጋች ከዊሊያም ሳንደርስ ጋር ሆነው በድብቅ መሰብሰብ ጀመሩ። መሰብሰቢያቸው የትምባሆ ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ሲሆን፣ በሩን የከፈቱላቸው የማኅበሩ መሪ አይዛያ ቤኔት ነበሩ። ይህ አዳራሽ ታሪክ ነበረው። ከ1945 እስከ 1946 የሲጋራ ፋብሪካው ሠራተኞች፣ በብዛት ጥቁር ሴቶች፣ ለአምስት ወራት አድማ መትተው ነበር። በኋላ ዓለም «ዊ ሻል ኦቨርካም» ብሎ ያወቀው መዝሙር ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሰልፍ የወጣው በዚያ አድማ ላይ መሆኑ ይነገራል። የሆስፒታል ሴቶች የተማሩት ከትምባሆ ሴቶች ነው ማለት ይቻላል።

ስብሰባው ከጥቂት ሰዎች ወደ ብዙ መቶዎች አደገ። በ1968 መኸር ሠራተኞቹ በኒው ዮርክ ካለው 1199 ከሚባለው የሆስፒታል ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተገናኝተው 1199 ቢ በሚል ስም ተቋቋሙ፤ ሞልትሪም ፕሬዚዳንት ሆኑ። እናት ማኅበሩ በ1932 በሊዮን ዴቪስ መሪነት በፋርማሲስቶች የተመሠረተ ነው። ገና በ1930ዎቹ በሐርለም ሰፈር ጥቁር ፋርማሲስቶች እንዲቀጠሩ አድማ ያካሄደ፣ በ1959 ደግሞ በሰባት የኒው ዮርክ ሆስፒታሎች 3,500 ያህል ሠራተኞችን ለ46 ቀናት አሰልፎ የታገለ ማኅበር ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ የአሜሪካ ማኅበራት ጥቁሮችን ከአባልነት ያገሉ ወይም ለብቻ ያደራጁ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። የሠራተኛ ማኅበር ሁሉ የእኩልነት ጠበቃ ነበር ብሎ መጻፍ ታሪክን ማጣመም ነው። 1199 ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር፤ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግም ከማኅበራት ሁሉ የሚወዱት እርሱን እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

አንድ መቶ ቀን

የሕክምና ኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ዊሊያም ማኮርድ ነበሩ። በደቡብ አፍሪካ የተወለዱ፣ አባታቸውም በደርባን ለዙሉ ሕዝብ ሆስፒታል ያቋቋሙ ሚሲዮናዊ ሐኪም ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጡ ሰው፣ የ25 ሚሊዮን ዶላር ተቋም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንኳ ለሌላቸው ሰዎች አሳልፈው እንደማይሰጡ መናገራቸው በየጋዜጣው ወጣ። ዋርድ ውስጥ ካርድ የከለከለችው ነርስና ይህን የተናገሩት ፕሬዚዳንት ያሰቡት አንድ ነገር ይመስለኛል፤ ያልተማረ ሰው ስለ ሆስፒታል ምን ያውቃል የሚል። መልሱን ግን ሌሊት ዋርድ ያደረ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። በሽተኛው መተንፈስ እንዳቃተው መጀመሪያ የምታየው ብዙ ጊዜ አልጋ የምታነጥፈው ናት።

ማርች 17 ቀን 1969 ዶክተር ማኮርድ የሠራተኞቹን ተወካዮች ሊያነጋግሩ ተስማሙ። ሞልትሪና ጓደኞቻቸው ሲደርሱ ግን ማኅበሩን የማይደግፉ ሌሎች ሠራተኞችም ለስብሰባው ተጠርተው አገኟቸው። ውይይቱ ሳይደረግ ቀረ፤ ብዙ ሠራተኞችም ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ገቡ። በማግሥቱ ሞልትሪን ጨምሮ 12 ሰዎች ተባረሩ። የቀረበባቸው ክስ በሥራ ሰዓት ሕሙማንን ትታችሁ ሄዳችኋል የሚል ነበር። ማርች 20 አድማው ተጀመረ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቻርለስተን አውራጃ ሆስፒታል ሠራተኞችም ተከተሉ። ጥያቄዎቹ የ12ቱ መመለስ፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ አቤቱታ የሚታይበት ሥርዓትና ለማኅበሩ ዕውቅና ነበሩ።

ዶክተር ኪንግ ከተገደሉ ገና ዓመት አልሞላም ነበር። እርሳቸውም የሞቱት በሜምፊስ የጽዳት ሠራተኞችን አድማ ለመደገፍ ሄደው ነው። ድርጅታቸው፣ የደቡብ ክርስቲያናዊ አመራር ጉባኤ፣ በተተኪያቸው በቄስ ራልፍ አበርናቲ መሪነት ወደ ቻርለስተን መጣ። ባለቤታቸው ኮሬታ ስኮት ኪንግም በኤፕሪል መጨረሻ ከአድመኞቹ ጋር ተሰለፉ። ፍርድ ቤት በሆስፒታሉ ደጃፍ የሚደረገውን ሰልፍ ገደበ፤ ገዥው ሮበርት ማክኔር የብሔራዊ ዘብ ወታደሮችን ላኩ፤ ከሜይ 1 ጀምሮ የሰዓት እላፊ ታወጀ። በአድማው ዘመን ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች ታሰሩ። በሜይ 11፣ በእናቶች ቀን፣ በተደረገው ሰልፍ ከ10,000 የማያንስ ሕዝብ እንደወጣ ይነገራል፤ የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ዋልተር ሩተርም ከሰልፈኞቹ መካከል ነበሩ። የዕለቱ ምርጫ ተገቢ ነበር። ከአድመኞቹ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያው በ52 ዶላር ነበርና።

ሕሙማንን ስለ መተው

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሆስፒታል አድማ እንደ ሲጋራ ፋብሪካ አድማ አይደለም። ፋብሪካው ቢቆም የሚጎዳው ባለንብረቱ ነው፤ ሆስፒታል ቢቆም የሚጎዳው በክርክሩ ውስጥ ድምፅ የሌለው በሽተኛ ነው። በቻርለስተን ደግሞ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ የአድመኞቹ ወገኖች የሆኑ ድሆች ነበሩ። አድማውን የምደግፍ ሐኪም ብሆን እንኳ ይህን ሸክም እንደሌለ ልቆጥረው አልችልም። አድማው ምንም አልጎዳም የሚሉ ጸሐፊዎችም አያሳምኑኝም።

ይሁን እንጂ ክሱን ያቀረበው ማን እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። 12ቱን «ሕሙማንን ትታችኋል» ብሎ ያባረረው ተቋም፣ ከአንድ ዓመት በፊት ሕሙማንን የሚንከባከቡት ሠራተኞች ስለ ሕሙማኑ እንዳያውቁ ሲደረግ ከለከለችው ነርስ ይልቅ የተከለከሉትን የቀጣ ነው። ለበሽተኛው አደጋው የተጀመረው በማርች 1969 አይደለም። ሌላው ነጥብ ከዚህም ይከብዳል። ሠራተኞቹ ሥራ ከማቆማቸው በፊት ከአንድ ዓመት በላይ አለቆቻቸውን ለማነጋገር ሲጠይቁ ቆይተዋል። ቅሬታቸውን የሚያቀርቡበት የታወቀ መንገድ፣ የሚዳኝ ገለልተኛ ወገን አልነበረም።

የዓለም የሥራ ድርጅት በዚህ ረገድ የያዘው አቋም ሚዛናዊ ነው። ሆስፒታል በጥብቅ ትርጉሙ እጅግ አስፈላጊ አገልግሎት ስለሆነ የሥራ ማቆም መብት ሊገደብ ወይም ሊከለከል ይችላል፤ ነገር ግን መብቱ የተነፈገው ሠራተኛ በምትኩ ፈጣንና ገለልተኛ የማስታረቅና የግልግል ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። አገራችንም በ1963 የመደራጀት ነፃነትንና የኅብረት ድርድርን የሚመለከቱትን 87ኛውንና 98ኛውን ስምምነቶች ያጸደቀች ሲሆን፣ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን አድማ ከማይፈቀድባቸው አገልግሎቶች ይመድባል። በቻርለስተን የነበረው ግን ክልከላው ብቻ ነበር፤ ምትኩ አልነበረም። አድማ በሌለበት ዳኛ መኖር አለበት፤ ሁለቱም ከሌሉ የሚቀረው ጎዳና ነው።

ማን አስታረቃቸው

ግዛቱን ያንበረከከው ሰልፉ ብቻ አልነበረም። ያቺው በ1964 የተከፈተች በር ናት። የፌዴራሉ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሆስፒታሉን መርምሮ በርካታ የሲቪል መብት ጥሰቶችን አገኘ፤ ካልታረመ 12 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን የፌዴራል ገንዘብ ሊቋረጥበት እንደሚችልም አሳወቀ። 12ቱ እንዲመለሱም ሐሳብ አቀረበ። በጁን አጋማሽ ስምምነት ላይ ተደርሶ እንደገና ፈረሰ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የተባረሩት ቢመለሱ ሥራ እንለቃለን የሚሉ ነጭ ነርሶች መኖራቸው ነው። እውነት ከሆነ፣ በሽተኛን ጥሎ የመሄድ ዛቻ ከሁለቱም ወገን ተሰምቷል ማለት ነው፤ በዚህ የተከሰሱት ግን አንደኞቹ ብቻ ናቸው። በመጨረሻም የወደብ ሠራተኞች የቻርለስተንን ወደብ እንዘጋለን ብለው ሲያስጠነቅቁ ነገሩ መልክ ያዘ።

ጁን 27 ቀን፣ አድማው አንድ መቶ ቀን ሲሞላው፣ በሕክምና ኮሌጁ ሆስፒታል በኩል ዕርቅ ወረደ። 12ቱን ጨምሮ አድመኞቹ እንዲመለሱ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ በሰዓት 1 ዶላር ከ60 እንዲሆን፣ የአቤቱታ ሥርዓት እንዲቋቋም ተወሰነ። የአውራጃው ሆስፒታል ሠራተኞች ለተጨማሪ ሦስት ሳምንታት ያህል ቆይተው ተስማሙ። ማኅበሩ ግን ዕውቅና አላገኘም። ያለ ዕውቅና ደግሞ የአባልነት መዋጮ መሰብሰብም፣ በሠራተኛው ስም መደራደርም አልተቻለም። ኒው ዮርኮቹ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲያልፉ 1199 ቢ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሰመ። ታሪኩን እንደ ሙሉ ድል የሚተርኩ ሰዎች ይህን ይዘሉታል። የኪንግ ድርጅትና የሠራተኛ ማኅበሩ አብረው ሲቆሙ ከተማን ማንቀሳቀስ ችለው ነበር፤ ሰልፉ ሲበተን በየቀኑ በየዋርዱ የሚቀጥለውን ሥራ የሚሠራ ግን አልቀረም።

ሕጉ ዘግይቶ ደረሰ። በ1972 የሲቪል መብቶች ሕግ የሥራ ክፍል የግዛትና የከተማ መስተዳድሮችንም እንዲያካትት ተደረገ። በ1974 ለትርፍ ያልቆሙ የግል ሆስፒታሎች ወደ ሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ተመለሱ፤ ማኅበሩ ከአድማ በፊት የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥም ተደነገገ። ይህ ማስጠንቀቂያ ሆስፒታሉ ሕሙማኑን እንዲያዛውር ጊዜ የሚሰጥ፣ ብልህ ሐሳብ ነው። የሳውዝ ካሮላይና የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኞች ግን እስከ ዛሬ የኅብረት ድርድር መብት የላቸውም።

የእኛም ሙያ ቢሆን ከዚህ ታሪክ ውጭ አልነበረም። በደቡቡ ግዛቶች ብዙ የሐኪሞች ማኅበራት ጥቁር ሐኪሞችን በአባልነት አይቀበሉም ነበር። አባል ያልሆነ ሐኪም ደግሞ በብዙ ሆስፒታል በሽተኛ ማስተኛት አይችልም። ጥቁር ሐኪሞች በ1895 የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ያቋቋሙት ስለዚህ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር አድልዎ የሚያደርጉ ቅርንጫፎችን ማባረር የሚያስችል ደንብ ያወጣው በ1968 ነው፤ ማለትም ቻርለስተን ውስጥ የነርስ ረዳቶቹ በትምባሆ ሠራተኞች አዳራሽ ሲሰበሰቡ በነበረበት ዓመት። ይቅርታ የጠየቀው ደግሞ በ2008 ነው።

የሕክምና ኮሌጁ በ1969 ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ። በ2013 ስለ አድማው የሚገልጽ የታሪክ ምልክት በግቢው አጠገብ ተተከለ። ሜሪ ሞልትሪ በ2015 አረፉ።